የቢንጎ ተጫዋቾችና የቤት ድመቶች አንድ ዓይነት ተመልካች ስለመሆናቸው

ለተከበረው የኬብል ቴሌቪዥን ክርክሮች መሥሪያ ቤት
የወረቀት ሥራ ጫና መገመቻ ክፍል
ዋሽንግተን

ጉዳዩ፦ አስተያየት ስጡ ስላላችሁን አስተያየት ስለመስጠት

ክቡራንና ክቡራት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ይህ ደብዳቤ በማኅተሙ፣ በመግቢያ ቁጥሩና በመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ በኩል አልፎ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ ጤናችሁ እንደተጠበቀ፣ ወገባችሁ ከወንበሩ ጋር እንደተስማማ፣ ዓይናችሁም ደቃቅ ፊደል ማንበብ እንዳልሰለቸው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በፔንሲልቬኒያ የድንጋይ ከሰል ተራሮች መሐል፣ ኮይል ሆሎው በምትባል ሸለቆ የምኖር በርናዲን ዩርኮኒስ የተባልኩ ሴት ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴን ብቻ ትንሽ ያመኛል፤ እሱንም ቢሆን እንደ አቤቱታ እንዳትቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ፣ አቤቱታ ከሆነ አባሪ ያስፈልገዋልና።

ባለፈው ሰሞን ያወጣችሁት ማስታወቂያ ደርሶኛል። በኬብል ድርጅትና በቻናል ባለቤት መካከል በፕሮግራም ምክንያት ክርክር ሲነሣ አቤት ባዩ የሚያዘጋጃቸው ወረቀቶች ስንት ሰዓት እንደሚፈጁበት ገምታችሁ፣ ግምታችሁ ልክ መሆን አለመሆኑን፣ ጫናውንም ለማቅለል ምን ቢደረግ እንደሚሻል ዜጎች በጽሑፍ እንዲገልጹላችሁ ጋብዛችኋል። ግብዣው ልቤን ቅቤ አጠጣው። ሐሙስ ጠዋት በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት፣ ሴቶቹ ለዓርቡ ሽያጭ ድንች በሊጥ እየጠቀለሉ ፒሮጊ ሲሠሩ፣ ማስታወቂያውን ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ከማዕድን ሥራ ጡረታ የወጣውና በቻናላችን የቢንጎ ቁጥር የሚጠራው ሊዮ ድሮዝዲክ ድንች እየላጠ ሲሰማኝ ቆየና፣ «ቆይ እስቲ በርናዲን፣ ወረቀት በዛባችሁ ወይ ብለው ነው ወረቀት ጻፉ የሚሉን?» አለኝ። አዎ አልኩት። «በስንት ኮፒ?» አለ። ይህን ጥያቄ መመለስ ስላልቻልኩ ለጥንቃቄ በሦስት ኮፒ ልኬላችኋለሁ።

ነገሩ ከሥሩ እንዲገባችሁ ስለ ቻናሌ ጥቂት ልበል። ቻናል ስድስት ይባላል። ስቱዲዮአችን ድሮ ፀጉር ቤት ነበር፤ መስተዋቶቹን ስላላነሣናቸው እንግዳ ሲቀርብ ከፊትም ከኋላም ይታያል። የምናሳየው የፒሮጊ ጥቅለላን በቀጥታ ሥርጭት፣ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ቡድኑን ስብሰባ፣ የትምህርት ቤቱን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ፣ የማን ቀብር መቼ እንደሆነ፣ ሐሙስ ማታ ደግሞ ቢንጎ ነው። ሰው ቁጥር የተጻፈበትን ካርቶን ከእሳት አደጋ ጣቢያው ይገዛል፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን ይጫወታል፣ ከሞላለት ደውሎ ይጮኻል።

ታዲያ ቢንጎው ከመጀመሩ በፊት አንድ ልማድ አለን። ሊዮ የመጀመሪያዋን ባለ ቁጥር ኳስ ከማውጣቱ በፊት ብቻቸውን የሚኖሩትን ሰዎች ስም ተራ በተራ ይጠራል፤ ስሙ የተጠራ ሰው ወደ ስቱዲዮው ይደውልና «አለሁ» ይላል። አንዳንዱ «አለሁ» ብሎ ይዘጋል፣ አንዳንዱ የሐሞት ጠጠሩን ነገር አንሥቶ አገሩን ሁሉ ያስጠብቃል። ያልደወለ ሰው ካለ ሊዮ ኳስ አያወጣም። ተመልካቹ ካርቶኑን ታቅፎ እያጉረመረመ ይቆያል፣ ከእሳት አደጋ ልጆች አንዱ ሄዶ በር ያንኳኳል፣ ሰውየው እንቅልፍ ጥሎት ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት በቴሌቪዥን ይሰደባል። ወይዘሮ ኤልድራ ማቱላ ለምሳሌ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው፣ ከኮረብታው ጫፍ ባለው የመጨረሻ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ፤ በየሳምንቱ ደውለው ለሊዮ «አለሁ፤ ያ ሸሚዝህም አሁንም አለ ማለት ነው» ይሉታል። እኛ ይህን ነገር አገልግሎት ብለን ጠርተነው አናውቅም፣ ፈቃድም አላወጣንበትም፣ ስለዚህም እስካሁን ሲሠራ ቆይቷል።

ባለፈው ማርች የኬብላችን ባለቤት የሆነው ሳምሪጅ ኬብል ቻናል ስድስትን ሁሉም ቤት ከሚያየው የመነሻ ጥቅል አንሥቶ፣ ዲኮደር ለገዛ፣ ኮድ ለሞላና ሪሞቱ ላይ ሦስት አሃዝ ለመጫን ትዕግሥት ላለው ሰው ብቻ ወደሚታይ ሰገነት አወጣን። በእኛ ቦታ የራሱን አዲስ ቻናል አስቀመጠ። ስሙ «ለስላሳ መዳፍ» ነው። ባለቤቶቻቸው ሥራ ሲሄዱ ብቻቸውን ቤት ለሚቀሩ ድመቶች የተዘጋጀ ሲሆን ቀንም ሌሊትም ወፍ፣ አይጥና የሚንከባለል የክር ኳስ ያሳያል። ብቻቸውን ለሚቀሩት እንዲህ አንጀቱ የሚራራ ድርጅት በአገራችን በመኖሩ ኩራቴ ወሰን የለውም። በሸለቆአችን አንቴና ቢሰቅሉት ከተራራው በቀር የሚይዘው ነገር ስለሌለ ከኬብሉ ሌላ መሄጃ አልነበረንም።

ሕጉ የኬብል ድርጅት የራሱን ቻናል ለመጥቀም ሲል የሌላውን ቻናል እንዳይጎዳ ይከለክላል። ይህን ሕግ የጻፈ ሰው እጁ ይባረክ፤ ወደ እናንተ እስኪደርስ ድረስ እጅግ ግልጽ ሕግ ነበር። እኔም ደረቴን ነፍቼ አቤት አልኩ። ከዚያ በኋላ የተደረገልኝን መልካም ነገር በተራ ላመስግን።

አንደኛ፣ አቤት ከማለቴ በፊት አቤት ልል መሆኔን ለድርጅቱ በጽሑፍ እንዳስታውቅ ስላዘዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ይህ የጨዋ ሰው ደንብ ነው፤ ሊዮ «ከመምታትሽ በፊት ልመታህ ነው በይው ማለታቸው ነው» ብሎ አስረድቶኛል። ነገር ግን የሚነገረውን አካል ማግኘት ሌላ ጣጣ ሆነ። በአካባቢያችን የነበረው የድርጅቱ ቢሮ አሁን የጥፍር ማስዋቢያ ቤት ነው፤ ማስጠንቀቂያዬን ይዤ ስገባ ልጅቷ በጥሩ ትሕትና ተቀብላኝ ቀይ ቀለም መረጠችልኝ። ስልክ ብደውል አንዲት ማር ድምፅ ያላት ማሽን ይህን ይጫኑ ያንን ይጫኑ እያለች ስታዞረኝ ቆይታ በመጨረሻ የቦክስ ግጥሚያ ገዝቼ ተገኘሁ፤ ግጥሚያው ግን አያስከፋም ነበር። በሂሳብ መጠየቂያው ላይ ወዳለው አድራሻ የላክሁት ደብዳቤ ደግሞ ሳይከፈት ተመለሰ። የተመለሰውን ፖስታ ለእናንተ ብልክ ማስጠንቀቂያው አለመድረሱን የሚያረጋግጥ ጥሩ ማስረጃ ነው ብላችሁ መዝገቤን መለሳችሁብኝ። መላ ያመጣው ሊዮ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን በእሳት አደጋ ጣቢያው ፊት በቆመው የድርጅቱ የኬብል ምሰሶ ላይ በሚስማር መትቶ ፎቶ አነሣው። ፎቶውን ተቀበላችሁት። ምሰሶው እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠም።

ሁለተኛ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬን የምገልጽበት ቃል ያጥረኛል። አቤት ባይ የሆነው ቻናል ከድርጅቱ ቻናል ጋር በይዘቱም በተመልካቹም ተመሳሳይ መሆኑን ያስረዳ ትላላችሁ። ካልተመሳሰሉ አድልዎ የለም። ስለዚህ እኔ በርናዲን፣ በምታከብሩት ሕግ መሠረት፣ የቢንጎ ተጫዋቾችና የቤት ድመቶች አንድ ዓይነት ተመልካች መሆናቸውን ቀኝ እጄን አንሥቼ በመሐላ ማረጋገጥ ነበረብኝ። አረጋግጫለሁ፤ ምስክርም አቅርቤአለሁ። የሊዮ ቃል በአባሪነት እንደተያያዘው እንዲህ ይላል፦ «ሁለቱም ምሳ በልተው ይተኛሉ። የሞቀ ወንበር ከያዙ እሳት ቢነሣ አይለቁም። ሌላ ሰው ቦታቸው ላይ ከተቀመጠ ዓመቱን ሙሉ ያኮርፋሉ። ልዩነታቸው አንድ ነው፤ ድመት ካርቶን ላይ አታጭበረብርም።» ወይዘሮ ኤልድራ ግን ምስክርነታቸውን በራሳቸው መንገድ ሰጡ፦ «እዚህ ቻናል ላይ ያሉትን ወፎች ሳምንቱን ሙሉ አየኋቸው። አንዷም ደህና አደርሽ አላለችኝም።» ይህ ጉዳያችንን አይጠቅምም፣ ትንሽ ለዘብ ያድርጉልኝ ብላቸው፣ «እንዳልዋሽ አስምለሽኝ አሁን ደግሞ ዋሺ ትይኛለሽ?» ብለው ጫር አድርገው ፈርመው እስክሪብቶውን ወረወሩልኝ።

የእኛ ሰዎች አንድ ችግር አላቸው፤ መሥሪያ ቤት የጠየቀውን ነገር ከልባቸው ያምናሉ። የፒሮጊ ሴቶቹ አለቃ ትሬሳ ባሎግ መስፈርታችሁን ስትሰማ ሊጧን አስቀምጣ፣ «መመሳሰል ነው የሚፈልጉት? ታዲያ እንመሳሰልላቸዋ፣ ምን ችግር አለው» አለች። በሚቀጥለው ሐሙስ ሴቶቹ ሁሉ ድመቶቻቸውን ታቅፈው ምድር ቤቱ ገቡ። ሥርጭቱ በቀጥታ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ሰላም ነበር፤ ድመቶቹ ዱቄቱን አሸተቱ፣ ሴቶቹ ድመቶቹን አደነቁ። ከዚያ የትሬሳ ድመት የቀለጠውን ቅቤ አየች። የሆነውን ሁሉ ልዘርዝር ብል ሌላ ሦስት ኮፒ ያስፈልገኛል፤ በአጭሩ ቄሳችን ጩኸቱን ሰምተው ሊያስታርቁ ሲወርዱ አንዲት ግራጫ ድመት ከነሊጧ ትከሻቸው ላይ ወጣች፣ የእሳት አደጋ ልጆችም ሁለት ድመቶችን ከማናፈሻው ቱቦ ውስጥ ሲያወጡ አመሹ። ዲኮደር የገዙት ጥቂት ቤቶች እስከ ዛሬ ድገሙልን እያሉ ይለምኑናል።

የቀረጻውን ቅጂ በደስታ ላክንላችሁ። እናንተም ተመልክታችሁ፣ ክርክሩ ከተነሣ በኋላ የተፈጠረ መመሳሰል በማስረጃነት እንደማይያዝ፣ በምስሉ ላይ የሚታዩት ሦስተኛ ወገኖች በሙሉም የጽሑፍ ፈቃድ እንዳልተያያዘላቸው ገለጻችሁልን። የትሬሳን ድመት መዳፍ በቀለም ነክረን ወረቀቱ ላይ አሳርፈን ወዲያው ልከናል። ደርሷችሁ ከሆነ ብታስታውቁን፤ ድመቷም ትጠይቃለች።

ሦስተኛ፣ ድርጅቱ በመጨረሻ ለአቤቱታዬ መልስ በመስጠቱ ደስ ብሎኛል። መልሱ በጣም ወፍራም ነው። የንግድ ምስጢር ስለያዘ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥቁር ቀለም ተደልዟል፤ ሳይደለዙ የቀሩት «ድመት»፣ «በቅን ልቦና» እና የገጽ ቁጥሮቹ ናቸው። የተደለዘውን ማንበብ የሚፈቀደው ለእኔ እንደማይነግረኝ ለፈረመ ጠበቃ ብቻ ስለሆነ የከተማችን ጠበቃ ፈርሞ አነበበልኝ። ምን ይላል ብለው፣ «ልነግርሽ አልችልም» አለ። ጥሩ ነው መጥፎ ብለው፣ «እሱንም አልችልም በርናዲን፣ ፈቃዴን ታስነጥቂኛለሽ» አለ። ሲወጣ ግን ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ፤ በሕጋችሁ ሳቅ ምስጢር እንደማውጣት ይቆጠር እንደሆነ ቢገለጽልኝ ወዳጄን ከጭንቀት አድነዋለሁ። ከዚያ ላላነበብኩት መልስ የመልስ መልስ እንዳቀርብ በጥብቅ አዘዛችሁኝ። «በማላውቀው ነገር ሁሉ አልስማማም» ብዬ ጻፍኩ። ይህን አንቀበልም እንዳላላችሁ ሳይ በመሥሪያ ቤታችሁ ያለኝ እምነት ትንሽ ተመልሷል።

አራተኛውን ቁጥር ሰጥቼ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ቅን ልብ ያለው አንባቢ እስካሁን ድረስ፣ ቻናሉ ቢጠፋ ሊዮ ራሱ ለምን ለሰዎቹ አይደውልላቸውም ብሎ ሳይጠይቅ አልቀረም። ደውሏል። ነገር ግን በእኛ ሸለቆ ዕድሜው የገፋ ሰው ስልክ ይደውላል እንጂ ስልክ አያነሣም፤ ያነሣ እንደሆነ የስልክ ነጋዴዎች ድሮ ለሸጠው መኪና ዋስትና ይሸጡለታል። ባላነሡ ቁጥር የእሳት አደጋ ልጆች ከሥራ መልስ ኮረብታውን ሲወጡና ሲወርዱ እግራቸው ቀጠነ፤ የሚከፈትላቸውም በር ስድብ ያለበት ነበር። ወይዘሮ ኤልድራ አንዱን በሩን ሳይከፍቱ፣ «ቤቴ ካልተቃጠለ አታንኳኳ፤ ሲቃጠል እኔው እጠራሃለሁ» አሉት። በቴሌቪዥን ሲሆን ጨዋታ ነበር፣ በር ላይ ሲሆን ቁጥጥር መሰላቸው። በጋው ሳያልቅ ነገሩ እየላላ፣ እየላላ ሄዶ ቀረ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም።

በኦክቶበር አንድ ሐሙስ ማታ ወይዘሮ ኤልድራ ቴሌቪዥናቸውን ከፍተው ስድስት ቁጥርን ተጫኑ። አቤት ካልን ብዙ ወራት ስለሆነን ጉዳዩ ያለቀ፣ ቢንጎውም የተመለሰ መስሏቸው ነበር። ምስሉ እስኪመጣ ሳይጠብቁ ካርቶናቸውን ሊያመጡ ወደ ማድቤት ሲገቡ አዳልጧቸው ወደቁ፤ ዳሌአቸው ተሰበረ። ስልኩ ሳሎን ነው። ያን ሌሊት፣ ዓርብን ሙሉ ቀን፣ የዓርብንም ሌሊት እዚያው ወለል ላይ ነበሩ። ከሳሎን የ«ለስላሳ መዳፍ» ወፎች ያለ ዕረፍት ይንጫጫሉ፤ ወይዘሮ ኤልድራ በጨለማው ውስጥ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ሲነቁ ወፍ ይሰማሉ፣ ነጋ ይላሉ፣ አልነጋም። በኋላ ሲያጫውቱኝ፣ «እንደዚያ ሌሊት ብዙ ጊዜ የነጋበት ሌሊት አይቼ አላውቅም» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬአቸው ልስቅ ብዬ እንባዬ ቀደመኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በራቸው ተንኳኳ። ያንኳኳው ፖስተኛችን ዱዌይን ነው። ዱዌይን ተራ ደብዳቤ ቢሆን ከደጅ ባለው ሣጥን ጥሎ ይወርድ ነበር፤ የያዘው ግን ተቀባዩ ራሱ ፈርሞ የሚረከበው የአደራ ደብዳቤ ነው። ላኪዎቹ እናንተ ናችሁ። የወይዘሮ ኤልድራ ማቱላ ምስክርነት፣ ፊርማው ከተሰመረው ሣጥን ወደ ውጭ ስለወጣ፣ ውድቅ መሆኑን ለማስታወቅ የጻፋችሁት ነበር። ዱዌይን ያለ ፊርማ መመለስ አይችልም፣ ያንን ኮረብታ ሁለተኛ መውጣትም እንደ ሞት ይጠላል፤ ስለዚህ ቤቱን ዞሮ በማድቤቱ መስኮት ተመለከተ። መስኮቱን ሰብሮ ሲገባ ወይዘሮ ኤልድራ ከወለሉ ላይ ቀና ብለው፣ «ለፊርማ ከሆነ የመጣኸው እስክሪብቶ የለኝም» አሉት። ሐኪሞቹ አንድ ቀን ቢጨመር ኖሮ አናገኛቸውም ነበር ብለውናል።

ክቡራንና ክቡራት፣ እንግዲህ ስላቁን ለአንድ አፍታ ልተወውና በእውነት ላመስግናችሁ። ቻናላችን እንዳያደርገው የተከለከለውን ነገር የእናንተ ደብዳቤ አድርጎታል። በሩን አንኳኩቷል።

ይህን ጉዳት ጽፌ በመዝገቡ ላይ እንዲጨመርልኝ ጠይቄአችሁ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሕጉ የሚያውቀው ጉዳት በቻናሉ የመወዳደር አቅም ላይ የደረሰ ጉዳት ብቻ መሆኑን፣ ወይዘሮ ኤልድራ ማቱላም ቻናል አለመሆናቸውን በመግለጽ መልሳችሁልኛል። ደብዳቤውን በማገገሚያ ቤቱ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ሳነብላቸው፣ «ቻናል አለመሆኔንማ ሊዮም ያውቃል፤ ይህን ለማጣራት ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የፈጀባቸው?» አሉ። አብራቸው ያለችው ሕመምተኛ ስቃ ስቃ ነርስ ተጠራላት።

አሁን ወደ ጥያቄአችሁ ልመለስ። ግምታችሁ ልክ ነው ወይ ላላችሁት፣ በግምቱ ውስጥ የተቆጠረው እኔ ብዕር ይዤ የተቀመጥኩበት ሰዓት ከሆነ ከእናንተ ጋር አልጣላም፤ ጥቂት ጨምሩበት እንጂ ብዙም አልራቃችሁም። ከዚያ ሐሙስ ማታ እስከ ቅዳሜ ረፋድ ያለው ሰዓት ግን የእኔ ስላልሆነ፣ በየትኛው መስመር እንደሚሞላም ቅጹ ስለማይናገር፣ መስመሩን ባዶ ትቼላችኋለሁ። እንደሚመቻችሁ ሙሉት።

ጫናውን እንዴት እናቅልል ላላችሁት ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ፤ በምድር ቤቱ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ቻናላችንን ወደ ቦታው መመለስ ለሥራችሁ የሚከብድ ከሆነ ተዉት። በእሱ ፋንታ በኮይል ሆሎው ብቻቸውን ለሚኖሩት ሰዎች ለእያንዳንዳቸው በየሳምንቱ ሐሙስ የሚደርስ፣ ተቀባዩ ራሱ ፈርሞ የሚረከበው፣ አንድ የውድቅታ ደብዳቤ ላኩልን። ምን ውድቅ እንደሚሆን አታስቡ፤ እኛ በየሳምንቱ አዲስ ስሕተት ያለበት ወረቀት አዘጋጅተን እንልካለን፣ በዚህ በኩል ልምድ አዳብረናል። አንዱ ቀለሙን ያሳስታል፣ አንዱ ኅዳጉን ያጠባል፣ ትሬሳ ድመቷን ታስፈርማለች። ደብዳቤው ሲደርስ ዱዌይን በር ያንኳኳል፤ ያልፈረመ ሰው ካለ በመስኮት ያያል። ዱዌይንን ሳላማክር አልጻፍኩም። «ኮረብታው ካልቀረልኝ በሐሙስ ይሁንልኝ፣ ማታ ፒሮጊ አለ» ብሏል።

የሊዮ ደስታ ደግሞ ልዩ ነው። በደብዳቤዎቻችሁ ራስጌ ላይ ያለው የመዝገብ ቁጥር እጅግ ረጅም በመሆኑ እየቆራረጠ ቢጠራው አንድ ዙር ቢንጎ እንደሚያጫውት በሁለት የቆዩ ደብዳቤዎች ሞክሮ አረጋግጧል። በሁለቱም ትሬሳ አሸንፋለች፤ ተጭበርብሯል ብሎ ተቃውሞ ያቀረበ ሰው ስላለ ቅጹን ብትልኩለት።

ለዚህ ሁሉ ትዕግሥታችሁ፣ ለማኅተማችሁ ጥራት፣ ፊርማ ከመስመር ለወጣች ቀጭን ጭረት ለምትሰጡት ትኩረት፣ ከሁሉም በላይ ግን ሳታስቡት ስለሠራችሁት አንድ ደግ ሥራ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ጉልበቴ እስከ ፈቀደልኝ ድረስ እጅ እየነሣሁ፣ ዘወትር በመልሳችሁ ተስፋ የማልቆርጥ፣ የድርጅቱን መልስ ግን ላነብ የማይፈቀድልኝ ትሑት አገልጋያችሁ ነኝ።

በርናዲን ዩርኮኒስ
የቻናል ስድስት ባለቤት፣ አቅራቢ፣ ካሜራ ያዥና ወለል ጠራጊ
ኮይል ሆሎው፣ ፔንሲልቬኒያ

ግልባጭ፦
ለሳምሪጅ ኬብል፣ በምሰሶው በኩል
ለከተማችን ጠበቃ፣ እንዳያነብበው

ማስታወሻ፦ ይህን ከመላኬ በፊት ሙሉውን ለወይዘሮ ኤልድራ አነበብኩላቸው። በየሐሙሱ ደብዳቤ ይላክ የሚለው ሐሳብ በጣም አስደሰታቸውና የመጀመሪያው ምን እንደሚል ጠየቁኝ። «ውድቅ ነው ይላላ፤ ሌላ ምን ያውቃሉ» አልኳቸው። ብርድ ልብሳቸውን አስተካከሉ። «ይበል» አሉኝ። «ብቻ ስሜ ላዩ ላይ ይኑር። ከማርች ወዲህ በስሜ የጠሩኝ እነሱ ብቻ ናቸው።»